ኅዳጉን ያነበቡት አባቴ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ደባርቅ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል እየተማርኩ ሳለ ነው። ሳወራው ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን ሳቁ ይጠፋኛል። ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጓደኛዬ እናኑ በደላላ እጅ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደማላውቀው አገር ልትሄድ ነበር። መሄዷን የጻፈችው ለእኔ ነው። የጻፈችውም አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ገጽ ዳር ላይ ነው። መጽሐፉ እኔ እጅ ሳይገባ አባቴ እጅ ገባ። አባቴ ደግሞ መሪጌታ ናቸው።

ከመጽሐፉ ልጀምር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

«የአራቱ አስማት» ይባላል፣ አምስት ቅጽ ነው። ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ አራት ልጃገረዶች ናቸው። ባጃጅ ይጋፋሉ፣ ፈተና ይወድቃሉ፣ ስልካቸው ካርድ የለውም፤ ልክ እንደ እኛ። ግን አስማት አላቸው። የደራሲው ብልሃት ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ለራሱ አስማት መሥራት አይችልም። ጓደኛዋ እውነተኛ ስሟን ስትጠራላት ብቻ ነው የሚሠራላት። አንደኛው ቅጽ ላይ ፍርቱና የምትባለው ልጅ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ታድራለች። ጓደኛዋ ከከተማው ሌላ ጫፍ ሐይቁ ዳር ቆማ ስሟን ትጠራለች። ቁልፉ እንደ ቅቤ ቀልጦ ይወርዳል። እንዴት እንደጮህኩ! ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። የሒሳብ አስተማሪው አስወጣኝ። ምን ቸገረኝ፣ ውጭ ቆሜ ጨረስኩት።

ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ይጣላሉ። ስም የሚጠራራ ይጠፋል፣ አስማቱም ይሞታል። ሦስት ቀን ሙሉ ኀዘን እንደደረሰበት ሰው ሆኜ ነው የከረምኩት። እስከ ዛሬ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ጓደኝነትን እንደዚያ አድርጎ የጻፈልኝ ግን አላጋጠመኝም።

መጽሐፎቹ የእናኑ ነበሩ፤ ማለቴ ጎንደር ያለች የአክስቷ ልጅ አንድ አንድ እያለች ታውሳታለች። እናኑና እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነበርን። አሥረኛን ስንጨርስ እናቷ ዘመድ ፍለጋ ወደ ዳባት ገቡ። ከዳባት ደባርቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ግን ሁለታችንም የራሳችን ስልክ የለንም። ስለዚህ መገናኛችን መጽሐፉ ሆነ። እሷ መጀመሪያ ታነበዋለች፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ የልቧን ትጽፍበታለች፣ ከዚያ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ለሚኒባስ ሹፌር ትሰጠዋለች። እኔም አንብቤ፣ መልሴን ጽፌ በዚያው እመልሳለሁ። «ይህን ገጽ አለቀስኩበት።» «ይህ ልጅ የእኛን የፊዚክስ አስተማሪ አይመስልም?» እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ፤ ታሪኩን እስክጨርስ ዳሩን አላይም። ታሪኩ ያስቸኩለኛላ! መጀመሪያ ታሪኩን እውጠዋለሁ፣ የእናኑን ጽሑፍ በሁለተኛው ዙር፣ አንድ ሁለት ቀን አድሬ ነው የማነበው።

ለጥምቀት እናኑ ደባርቅ መጣች። አራተኛው ቅጽ ገና በእጇ እንደገባ ይዛው ነበር። በታሪኩ ውስጥ ልጆቹ እውነተኛ ስማቸውን ከነእናታቸው ስም አንድ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ያኔ ማንም አይለያቸውም። እኛስ? እውነተኛ ስማችን የክርስትና ስማችን ነው ብለን ወሰንን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ «ትርንጎ፣ ወለተ ሥላሴ፣ የእናቷ ስም ዘውዲቱ። እናኑ፣ ወለተ ኪዳን፣ የእናቷ ስም አበባ።» የጻፍኩት በቀይ እስክሪብቶ ነው። ለምን በቀይ? እኛ ቤት ባሉት የብራና መጻሕፍት የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን እያየሁ ስላደግሁ ስም በቀይ ካልተጻፈ ስም አይመስለኝም ነበር። ጉድ ያመጣብኝ ይኸው ነው።

በአገራችን ድግምት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ስምና የእናት ስም! ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ አላሰብኩትም።

እናኑ ያን መጽሐፍ አንብባ ልትልክልኝ ይዛው ተመልሳ ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ሐሙስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሹፌሩ ፌስታሉን ቤት ድረስ አምጥቶ ለአባቴ ሰጣቸው። «ከዳባት ለትርንጎ የተላከ» ብሏቸዋል። ፈቱት። ሽፋኑ ላይ ከእጃቸው ብርሃን የሚወጣ አራት ልጃገረዶች። ከላይ በትልቁ «አስማት»። ገለጡት፤ የልጃቸው ስም፣ የክርስትና ስሟ፣ የእናቷ ስም፣ ከአንዲት ከማያውቋት ልጅ ስም ጋር በቀይ ተጽፏል። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ መጽሐፉን ቶሎ ከደኑት። «የልጄን ስም ማን ሰጣቸው?» ነው ያሉት።

እናቴም ነገሩን አባሰችው። በዚያ ሰሞን እኔን ከጓሮ አይታኛለች። እናኑ ፈተና ስለነበረባት፣ እንደ መጽሐፉ ላግዛት ብዬ ፊቴን ወደ ዳባት አዙሬ «ወለተ ኪዳን! ወለተ ኪዳን! ወለተ ኪዳን!» እያልኩ ስጮህ። ብቻዋን ትስቃለች፣ ምግብ አትበላም፣ ከግድግዳ ጋር ታወራለች ብላ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ምግብ የማልበላው መጽሐፍ ይዤ ስለምረሳው ነው እኮ! ማን ሊሰማኝ።

ማታ ስገባ አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ድርሳነ ሚካኤል አነበቡልኝ። ምን ሆኜ ነው ብል «ዝም ብለሽ አሜን በይ» አለችኝ እናቴ። ዓርብ ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው ጸበል ወሰዱኝ። የደባርቅን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ካህኑ «ማን ነህ? ተናገር!» ይሉኛል። «ትርንጎ ነኝ» እላለሁ። «አልወጣም አለ» ይላሉ። አሁን ሳስበው እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

ቤት ስንመለስ ነገሩን እናቴ አወጣችው። «ያ ከዳባት የመጣው የድግምት መጽሐፍ ነው እንዲህ ያደረገሽ።»

ያን ጊዜ ነው መጽሐፉ መምጣቱን ያወቅሁት። «አራተኛው መጣ? የታለ?» ብዬ ተነሣሁ። እናቴ ፊቷን አዞረች። አቃጥለውታል ብዬ አሰብኩ። የሰው አደራ ነው፣ የእናኑ ነው፣ ከእናኑ ጋር ያለኝ ነገር ሁሉ በእሱ ነው። አፌ ደግሞ ሲፈጥረው አያርፍም።

«አባባ፣ ሳያነቡ ነው የሚፈርዱት!» አልኩ። «መሪጌታ ተብለው! ሳያነቡ!»

«ኧረ በስመአብ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» እናቴ ጭኗን መታች።

አባቴን እንዲህ ያለ ቃል የተናገራቸው ሰው እኔ እስከማውቀው የለም። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አገር ለአገር ዞረው፣ ለምነው በልተው የተማሩ ሰው ናቸው። ሳያነቡ ፈረዱ መባል ለእሳቸው ከስድብ ይብሳል።  ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እውነቷን ነው» አሉ። «ሳላነብ ፈርጃለሁ።»

መጽሐፉን ከሣጥናቸው አወጡት። አልተቃጠለም! እጄን ስዘረጋ ግን፣ «መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነበው» አሉኝ። እጃቸውን ታጥበው ከቤቱ ፊት ለፊት ጸሐይ ላይ ተቀመጡ።

አባቴ ሲያነቡ አይታችሁ አታውቁም። ከሽፋኑ ጀመሩ። የአሳታሚውን ማስታወቂያ፣ የቅጂ መብቱን፣ የገጹን ቁጥር ሳይቀር ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። አንድ ገጽ ሲጨርሱ ደግሞ ጣታቸው ወደ ዳር ይሄዳል፣ የእናኑን የእርሳስ ጽሑፍ ያነባሉ። ለእሳቸው ተራ ነገር አይደለም። ኅዳግ ይሉታል፣ የገጹን ዳር። በእሳቸው መጻሕፍት ገልባጩ የዘለለው ቃል የሚገባው፣ መምህር የሰጠው ትርጓሜ የሚጻፈው ኅዳጉ ላይ ነው። ኅዳግ ያላነበበ ሰው አነበበ አይባልም።

እኔ በር ላይ ቆሜ በንዴት አያቸዋለሁ። «ምነው ቢፈጥኑ» እላለሁ በሆዴ።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ ይቺ ፍርቱና የምትባለዋ ልጅ ስለ ምን ብላ ለጓደኞቿ ዋሸች?»

አላመንኩም! ገብተውበታል። ፍርቱና የዋሸችው ጓደኞቿን ከአደጋ ለመጠበቅ ብላ ነው፣ በሦስተኛው ቅጽ ላይ አለ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አኩርፌያለሁ። «እኔ እንጃ» ብዬ ገባሁ። ከኋላዬ «አይ፣ ምክንያት አላት፣ ይቺ ልጅ ምክንያት አላት» ሲሉ ሰማሁ። አኩርፌም ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ አባቴ የሉም። መጽሐፉም የለም።

«ዳባት ሄዱ» አለች እናቴ፣ ፊቷ ጠቁሮ። «ሌሊቱን ሲያነቡ አድረው፣ ኪዳን እንኳ ሳያደርሱ ወጡ። ምን እንዳገኙበት አልነገሩኝም።»

አባቴ ኪዳን ሳያደርሱ! ታመው እንኳ አይቀሩም።  እናኑን ሊያዋርዷት ነው፣ በእናቷ ፊት ልጅሽ ልጄን አስደግማባታለች ሊሏት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምን አስባለሁ? ፊቴን ሳልታጠብ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዷል፣ ሁለተኛው ላይ ዘለልኩ። መንገዱን ሁሉ ለአባቴ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ብዙ ክፉ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

ዳባት ስንደርስ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ድምፃቸውን ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ያለ ድምፅ ማጉያ ቤተ ክርስቲያን የሚሞላ ድምፅ ነው።

«ወለተ ኪዳን!»

ወረድኩ። የጎንደር መኪኖች የሚሞሉበት ቦታ መካከል ቆመዋል። ጥምጥማቸው፣ ጋቢያቸው፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ያ መጽሐፍ፣ የልጃገረዶቹ ሥዕል ወደ ሰው ዞሮ።

«ወለተ ኪዳን!»

ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። «መሪጌታ፣ የማንን ልጅ ነው ክርስትና የሚያነሡት?» አለ አንድ ሹፌር። ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አባባ፣ ይተዉአት!» እያልኩ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

«ወለተ ኪዳን!» ለሦስተኛ ጊዜ።

ሊሞላ ሁለት ሰው የቀረው የጎንደር ሚኒባስ ጎን፣ ፊቷን በሻሽ የሸፈነች ቀጭን ልጅ ነበረች። ዞረች። ማንም ሰው መንገድ ላይ በክርስትና ስሙ አይጠራም። የሚጠራው ሲቆርብ፣ ሲጸለይለትና ሲሞት ነው። ስለዚህ ሳታስበው ዞረች። እናኑ ናት። እጇ ላይ ሻንጣ አለ። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ክንዷን ይዞ «ግቢ፣ ግቢ» ይላታል።

አባቴ ሄደው ፊቷ ቆሙ። አልነኳትም፣ አልተቆጧትም።

«ልጄ፣ ኅዳጉን አንብቤዋለሁ» አሏት።

እናኑ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሰው ተሰበሰበ። ባለጃኬቱ ሰውዬ አንዴ አባቴን፣ አንዴ ሰዉን አየና ስልክ የሚያነጋግር መስሎ ዞር አለ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

እኔ ምንም አልገባኝም። እንደ ሞኝ ቆሜ ነበር። አባቴ መጽሐፉን ገልጠው ሰጡኝ። ከመጨረሻው ሠላሳ ገጽ ያህል ሲቀረው፣ ዳሩ ላይ፣ የእናኑ የእርሳስ ጽሑፍ፦

«ትርንጎዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት በጎንደር መኪና እሄዳለሁ። ከዚያ መተማ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ሰውዬው ነው። የእማ ኩላሊት ብሶባታል፣ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሷ አታውቅም፣ ለማንም እንዳትናገሪ። አምስተኛውን ብቻሽን አንብቢው፣ መጨረሻውን ትነግሪኛለሽ።»

 መኪና ውስጥ ያዘጋጀሁት ያ ሁሉ ክፉ ቃል የት እንደገባ እንጃ። የአባቴን ጋቢ ይዤ አለቀስኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም» አሉኝ።

«ለምን እናኑ ብለው አልጠሯትም?»

«እናኑ ብል ስንቷ ትዞራለች? ሰውዬውም ስሟን ያውቀዋል፣ ይደብቃት ነበር። ይኸኛውን ግን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።» ይህን ሲሉ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ሦስታችንም ወደ እናኑ ቤት ሄድን። እናቷ እትዬ አበባ አልጋ ላይ ናቸው። ልጃቸው ገበያ የሄደች ነበር የመሰላቸው። ሲሰሙ እጇን ያዙ፣ ቀኑን ሙሉም አልለቀቁትም። አባቴ በሳምንቱ ለደብሩ ማኅበርተኞች ነገሩን አስረዱ፣ እትዬ አበባን ጎንደር ወስደው አሳከሟቸው። ዛሬ ደኅና ናቸው ማለት ባልችልም ቆመው ይሄዳሉ። እናኑም ትምህርቷን ጨረሰች፤ አሁን ዳባት ውስጥ ሕፃናት ታስተምራለች።

አባቴን ስለ መጽሐፉ ጠይቄያቸው ነበር፣ ፍርድዎ ምንድን ነው ብዬ። «አስማት ማለት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው» አሉኝ። «አንዱ ስም፣ ብዙው አስማት። እናንተ ነገር አበላሻችሁት እንጂ ቃሉ ንጹሕ ነበር። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ አልጻፈውም፤ የተማረ ሰው መሆን አለበት።» ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠራርገው አምስተኛው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ሲመጣ መጀመሪያ ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ማን ይናገራቸዋል! ሁለት ሳምንት አስጠበቁን።

አባቴ ለእኔ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ግን ሩቅ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሩቅ አልሆኑብኝም። የልጅ መጽሐፍ ብለው ሳይንቁ፣ ጠላት ነው ብለው እየፈሩት እንኳ፣ አንድ ቃል ሳይዘሉ ማንበባቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እኔ ለወረቀቱ ሳለቅስ እሳቸው ለሰው ተነሥተዋል።

አምና ዳባት ሄጄ እናኑ ቤት አደርኩ። ለአምስት ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት። «ለማንም እንዳትናገሪ ካልሽ ለምን ጻፍሽልኝ? ዝም ብለሽ አትሄጂም ነበር?»

«እንድታስቀሪኝ ነዋ!» አለችኝ። «ሐሙስ የላክሁት ሆነ ብዬ ነው። ዓርብን በሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ትርንጎ ትመጣለች፣ አንብባ ትሮጣለች እያልኩ።»

 እውነቱን ነገርኳት። መጽሐፉ ያን ሐሙስ እጄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ነበር መጀመሪያ የማነበው፣ እንደ ልማዴ። ዳሩን የማየው እሑድ ነበር።

 እናኑ ጀርባዬን መታ አድርጋ ሳቀች፤ «እንኳንም ጸበል አስገቡሽ!» አለች። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያን እሑድ ሳስበው እንቅልፌ ሄደ።